ጥቁሩን አሳየኝ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ከሱቃችን ገባች ጃንጥላዋን አጥፋ፤
ቀጭን አሮጊት ናት፣ ወገቧ ያልጎበጠ፣
ሰላምታዬን ዘሎ ዐይኗ ያፈጠጠ።

ሃያ ሦስት ቴሌቪዥን ባንድ ግድግዳ ላይ፣
አንዱ በቀቀን ነው ሃያ ሦስቴ ሲታይ፤
ማር ሲንጠባጠብ፣ እንጆሪ ሲቆረጥ፣
ማንም ያልዋኘበት ባሕር ሲገለባበጥ።

እኔም ያጠናሁትን እንደ ዳዊት ደገምኩ፤
ኦሌዱን፣ ኳንተሙን፣ ስም በስም ደረደርኩ።
«መልክ ያነሰውን ስም ይደግፈዋል» አለች።
«ቢሊዮን ቀለም አለው፣ እመቤቴ» አልኩ።
«ቢሊዮን? ቆጥረኸዋል አንተ?»
አልቆጠርኩም።

«እኔ እዚሁ ዉች ውስጥ፣ በሱፍ ፋብሪካው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ስነክር ኖርኩ።
ሁለት ሺህ ቀለም አውቃለሁ፣ በቁጥሩ፤
ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝ እንኳ
የአራት መቶ ሰባን የአሲድ ልክ እነግርሃለሁ።»

ያ ፋብሪካ ዛሬ የገበያ አዳራሽ ነው።
እሷ እንዳለችው፣ እኔ በቆምኩበት ቦታ
ጋኑ ይፈላ ነበር ጠዋትና ማታ።

ከቦርሳዋ አወጣች ጣት የምታህል ሱፍ፣
ጠርዟ የተበላ፣ ቀይ።
ምን ዓይነት ቀይ እንዳትሉኝ፤ እኔ ሻጭ ነኝ።
ስክሪኑ ላይ አስጠግታ፣ አንገቷን አዘንብላ፣
«ይሄ ቀይ አይደለም፤ ጩኸት ነው» አለች።
«ይሄኛውስ?»
«ታሟል። ብርቱካን ለክፎታል።»
«ሦስተኛው?»
«እሱም ይዋሻል፤ ግን በትሕትና።»

ሪሞቱን አነሣሁ። «ደማቅ» የሚለውን ትቼ
«ፊልም» የሚለው ላይ አደረግኩት፤ እንጆሪው ፈዘዘ፣
በቀቀኑ ወፍ ሆነ።
ሌላ ደንበኛ ቢሆን «ተበላሸ» ይላል።
እሷ ወንበር ጠየቀች።

ያኔ ነው በመዳፏ ግራ ዐይኗን የሸፈነችው፤
ቀጥሎ ቀኙን፤
ደግሞ ግራውን።

«የቀኙን ሞራ ባለፈው ወር አነሡልኝ፤
ግራው ተራ እየጠበቀ ነው።
በግራዬ ሳየው ይህ ሱፍ ያ የማውቀው ነው፣
ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ሻይ የነካው።
በቀኜ ግን ሰማያዊ አለበት፣
ከሥሩ፣ እንደ ደም ሥር።
ሞራው መቼ እንደ ጀመረኝ ሐኪሙም አያውቅ።
በመጨረሻዎቹ ዓመታት ‹ይለፍ› ብዬ
የፈረምኩበት ሁሉ፣
ካፖርቱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የወታደሩ ሻርፕ፣
እኔ ያላየሁት ቀለም ይዞ ወጥቶ ይሆን?»

ምን ልበላት? ለዚህ ጥያቄ መልስ አላጠናሁም።
ዋስትናው አምስት ዓመት ነው አልኳት።
ሳቀች።

«በል ጥቁሩን አሳየኝ» አለች በመጨረሻ፤
«ጎበዝ ነካሪ የሚፈተነው በሱ ነው።»
በኛ በኩል ያለውን መብራት አጠፋሁ፤
አለቃዬ ዶብሮሚል ከሩቅ ገላመጠኝ።
ግድግዳው መሸ፦ ሃያ ሦስት ሌሊት፤
አንዱ አመድ፣ አንዱ ደፍራሽ ወንዝ፣
አንዱ ወይን የፈሰሰበት።
ከጥጉ ያለው ብቻ
ጠርዙ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤
ዕቃው የለም፤ ጨለማና አንዲት ኮከብ።

በግራ ዐይኗ አየችው።
በቀኝ ዐይኗ አየችው።
«አንድ ነው።»
ሁለቱ የተስማሙበት ይኸው ብቻ ነበር።

ዋጋውን ነገርኳት። የአራት ወር ጡረታ ነው፣ ሳይበላ።
«የግራዬ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው» አለች፤ «እስከዚያ አትሽጠው።»
የማሳያ ዕቃ አይያዝም፤ ደንብ አለ።
«ተይዟል» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት፤
«በማን?» ቢለኝ አለቃዬ፣
«በኤውፌሚያ ግሮኾቭስካ» አልኩት፣
ሁሉም ሰው የሚያውቃት ይመስል።

ማታ ሱቁን ስዘጋ አንድ ባንድ አጠፋኋቸው፤
በቀቀን በበቀቀን ጨለሙ።
የጥጉን ሳጠፋ ግን መጥፋቱን ዐይኔ አላመነ፤
በጣቴ ነካሁት።
ገና ሞቅ ይል ነበር።