ቁጥር ስልሳ ሦስት

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ከጣልያን ሠራሹ ፎቅ ሥር፣
ሐጂ ኑርሑሴን አሮጌ መጽሔት በኪሎ ሲቸረችር፣
አንድ ገጽ አገኘሁ፤ በስሙኒ ገዛሁት፤
እጥፉን ዘርግቼ በጉልበቴ አቀናሁት።

የእንግሊዝ መርከብ ነው፣ የአውሮፕላን ማደሪያ፣
ጀርባው ለጥ ያለ ሜዳ፣ የብረት መንደርደሪያ።
ሠዓሊው ጎኑን እንደ ዱባ ከፍቶት፣
ቆርቆሮውን ልጦ ግድግዳውን አንሥቶት፣
ሆድ ዕቃው ይታያል፦
ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ሌሊት ወፍ
ከወለል በታች የተሰደሩ አውሮፕላኖች፣
ጭነው የሚያወጧቸው አሳንሰሮች፣ ቤት የሚያካክሉ የእንፋሎት ጋኖች፣
እጅጌውን ሰብስቦ ሊጥ የሚያሽ ጋጋሪ፣
መሰላል ላይ የቀረ፣ ድስት የሚፈገፍግ ባሕረኛ፣
ከታች፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ በተንጠለጠለ አልጋ
አንድ እጁ ወደ ወለሉ የወረደ፣ የተኛ።

በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ቁጥር አለ፣
ከአንድ ተነሥቶ መቶ አርባ ሰባት የዘለቀ፤
የቁጥሩ ፍቺ ግን በሌላው ገጽ ነበር፤
«እሱማ ትላንት» አሉኝ ሐጂ፣ «ስኳር ስጠቀልልበት አለቀ።»

አባቴ አለቃ ገላዬ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤
ከጣና ሌላ ሰፊ ውኃ አላየም፤
ገጹን ይዞ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤
ብዙ ጊዜ ምንም አላለም።
ከዚያ፦ «ጎኑ እንዲህ ተከፍቶ ውኃው ለምን አይገባም?
ይኼ ጋጋሪስ ቀና ብሎ ለምን አያየንም?»

የማውቀውን ለመናገር ቸኩዬ
«ክፍቱ በሥዕሉ ነው፣ አባዬ፣
መርከቡስ ድፍን ነው» አልሁት።
«ድፍን ነገርማ ማን ይሥላል» አለኝ፤ መልስ አጣሁለት።

እሱማ ያውቅበታል።
ዮናስን ሲሥል ዓሣ አንበሪውን ከጎኑ ይከፍታል፤
ነቢዩ ከሆዱ ውስጥ ተንበርክኮ ይታያል፤
ደም የለ፣ ቁስል የለ፣
ዓሣው ሲፈጠርም እንዲያ የነበረ ይመስላል።

በሰንበት እጄን ይዞ ወደ ነገሥታቱ ግቢ ወሰደኝ፤
ከኢያሱ ግንብ ፊት አቆመኝ።
ጣራ የለው፤ አንድ ወገኑ ወድቋል፤
ደረጃው ወደ ሰማይ ጀምሮ ይቋረጣል፤
ወለል በሌለው ፎቅ፣ ማንም በማይቆምበት፣
መስኮት ለራሱ ይከፈታል።
«ይኼን ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ከፈተው» አለ፣
«ጣልያንን ሲያሳድድ፤ ጎረምሳ ነበርሁ፣
ከቦይ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ድምፁን ቆጠርሁ።
ከፋቹ ግን ቁጥር አልጻፈበትም፤ አልፎ ሄደ።»
እኔ በጣቴ ጀመርሁ፦ አንድ፣ እርግብ፤
ሁለት፣ ከምድጃው የበቀለች ሾላ፤
ሦስት ላይ ዝናብ ወረደ።

በዚያ ዓመት ለአንድ ደብር የሣለው ዓሣ አንበሪ
ጎድኑ ላይ በስሱ የብሎን ነጥብ ነበረው፤
አስተዳዳሪው «ቅርፊቱ አምሯል» ብለው መረቁት፤
አባቴም አላረማቸው።

ዘመን ሄደ። በሐኪም ቤቱ፣
የአባቴ ደረት በመብራት ላይ ተሰቅሎ፣
ጎድን፣ ጎድን፣ ጥቁር ባዶ፣
ከታች አንድ ነጭ ጉም ተንጠልጥሎ፤
ጠጋ ብሎ አየው፣ ሙያ እንደሚመዝን ሰው፤
«ጥሩ አድርገው ከፍተውታል» አለ፣ «ፍቺው ያለበት ገጽስ የታል፣ ልጄ?»
ሐኪሙ ወረቀት አገላበጠ።
እኔ ቀለም የጠጣውን እጁን ያዝሁ በእጄ።

ገጹ አሁን ከእኔ ጋር ነው፣ ከመስታወት ሥር።
ከመቶ አርባ ሰባቱ አንዱን ብቻ
አባቴ ፈትቶታል፣ በቀይ ቀለም፣ በቁም ጽሕፈት፤
መቼ እንደ ጻፈው እንጃ፤ ከሞተ በኋላ ነው ያየሁት።
ከኅዳጉ ላይ፣ በስልሳ ሦስት ቁጥር፣
እጁ ወደ ወለሉ ለወረደው፦
«ይኼ ተኝቷል፤ ተራው ገና ነው።
የከፈትኸው ሆይ፣ ቀስ ብለህ ዝጋው።»