ሁለት ነጥብ ስድስት

ቡሬ፣ ከእህል በረንዳው ጀርባ፣
አይሱዙው በሰው ኃይል ከግቢዬ ሲገባ፣
አምስት ሰው ከኋላ፣ ጋሽ ይታይህ መሪ ላይ፣
ላቡ በበርበሬ አቧራ ቀልቶ ሲታይ፣
ገና ሳይወርድ ጮኸ፦ «አንቺ የሽቦ ሐኪም፣
ይኸው ሦስተኛ ጥንድ ባትሪ፣ ይህም አልበረከተም!
ማታ ደህና ነበር፤ ጠዋት ቁልፍ ስሰጠው
‹ጠቅ› ይላል እንደ ምላስ፣ ሌላም ቃል የለው።
ሻጩን ረገምኩት፣ ዲናሞውን ለወጥኩ፣
ጠበልም ረጨሁበት፣ ምን ያላደረግኩ?
ለካስ ረዳቴ ነው፣ አትርሳው፣ ያ ውርጋጥ፣
ሌሊት ቴፕ ከፍቶ ጋቢና ሲያላግጥ!
ልብሱን በፌስታል ቋጥሬ፣ ቅዳሜ አባረርኩት።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ...» አለና መሬት መሬት አየ።
እሑድም ሞቶ አደረ።
ሰኞም።

የማሳውን ገመድ ከባትሪው ፈታሁ፤
ቴስተሬን እንደ ሽማግሌ
በባልና ሚስት መሀል አስቀመጥሁ።
«ቁልፉን ንቀል ጋሼ። በሩን ዝጋ። አሁን ዝም።»
ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፦
ሁለት ነጥብ ስድስት።
ለዓይን ትንሽ ናት፣ የጉንዳን ጉርሻ ታህላለች፤
ግን ጉንዳን ሌሊቱን ስትመላለስ ካደረች
ጎተራ ታራቁታለች።

ፊውዙን አንድ በአንድ ነቀልኩ።
የፍሬቻውን፦ ሁለት ነጥብ ስድስት።
የክላክሱን፦ ሁለት ነጥብ ስድስት።
የቴፑን ስይዝ ጋሽ ይታይህ ተነሣ፣
አንገቱን አሰገገ፣
«አላልኩሽም!» ሊለኝ አፉን ከፈተ።
ነቀልኩት።
ሁለት ነጥብ ስድስት።
አፉን ዘጋ።

ሁሉም ፊውዝ መዳፌ ላይ ነው፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣
ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።
እንግዲህ አንድ ያልተመዘገበ አለ፤
ተራውን ሳይጠብቅ
ከቦዩ ራስ ላይ ጠልፎ የሚጠጣ።

ከክሩስኮቱ ሥር በጀርባዬ ገባሁ፣
ባትሪ የሚበላውን ፍለጋ
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ።
አቧራ። የቆሎ ልጣጭ። የጠፋ የሃምሳ ሳንቲም።
የአትርሳው ይሁን የማን፣ አንድ እግር የጨርቅ ጓንቲ።
ከዚያ ጣቴ ቀይ ሽቦ ነካ፣
ናስትሮው ረጥቦ የተላጠ፤
ተከተልኩት፣ እንደ ዓይነ ስውር ግድግዳ እየዳበስኩ፣
እስከ አንዲት ጥቁር ሣጥን።
የክብሪት ባኮ ነው የምታህለው፤
መኪናው በድን ሆኖ
እሷ ብቻ ትሞቃለች፣ ከእቶን እንደወጣ ዳቦ።

«አላርም ነው ጋሼ። ውኃ ገብቶበታል።
ማነው ያስገጠመው?»

ዝም።
ከጎማው ላይ ጭቃ በስንጥር ይፍቅ ጀመር።
«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፤ «አምና፣ ባሕር ዳር።
ልጁ ናፍጣ እንዳይቀዳብኝ ብዬ።»

ምንም አላልኩም። ጉጠት አነሣሁ፤
ለሌባ የቆመውን ዘበኛ ቆረጥሁ።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት።
«ይቺስ?» አለ፣ ደንግጦ።
«ይቺ የሰዓቷ ናት፤ እሷ ትብላ፣ ይገባታል።»

ሦስት መቶ ብር አልኩት፣ አምስት መቶ ሰጠኝ፤
መልሱን ስቆጥር ጀርባውን አሳየኝ።
ባትሪው ቻርጅ ላይ አደረ። በማግሥቱ፣ ማለዳ፣
ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፣ ሰፈሩ ቀሰቀሰ።

የግቢዬ በር ጠባብ ነው፤ ከውጭ የጎርፍ ቦይ አለ፤
ወደ ኋላ ለመውጣት ማርሽ አስገባ፣
አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ እንደ ልማዱ፣ ጮኸ፦

«አትርሳው!»

መስታወቱ ውስጥ ማንም የለም።
የሚደበድበው እጅ ያጣ ስፖንዳ
ሞተሩን ተከትሎ ይርገበገባል።
«አትርሳው...» አለ እንደገና፣
አሁን ግን በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን።

እጄን ጠርጌ ከኋላ ቆምኩለት፦
«ና... ና... ትንሽ ና... በቃ!»
ድምፄ ቀጭን ነው፤ የልጁን አይደርስም።

ወጣ።
ጭነቱ ፍኖተ ሰላም ይጠብቀዋል፤
እሱ ግን ፍሬቻ አሳየና
ረዳቶች ሥራ ፈተው ወደሚቆሙበት
ወደ መናኸሪያው ታጠፈ።