ቁራኛ

ምህርካ ደብተራው፣ ከዲማ ተሰዶ፣
ዳዊት ይሸጥ ነበር፣ ሞጣ፣ ከጨው ተራ ማዶ።
አንድ ቀን ከመዝሙሩ ግርጌ በቀይ ጻፈው፦
«ጌታው ማር ይቆጥራል፣ ንብ አልቋል ከቀፎው።»
ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ የለበትም፤
ሰው አልሞተበትም፣ በግ አልጠፋበትም።

ቀኝ እጁን ከግራዬ በሰንሰለት ቋጥረው፣
ቁራኛ አደረጉን፣ መሃይሙን ከጸሐፊው።
ሲተኛ እተኛለሁ፣ ሲያስል ይጎትተኛል፤
እሱ ዳዊት ይደግማል፣ እኔን ይርበኛል።

ዋርካ ሥር ከሳሹ «አንብብ» ቢሉት ፈራና፣
«ያነበበም ሰደበ» አለ፣ አጥፎ ብራና።
ወንበሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰንሰለቱም አብሮ።

ዳኛው ጨነቃቸው። «በካራ ይፋቅ» አሉ።
ፋቁት፤ ቆዳው ሳስቶ ታዩ ማዶ ያሉ።

«ምን ይላል?» ስለው ማታ፣ ሰንሰለቱ ሳይፈታ፣
በጣቱ መዳፌ ላይ ጻፈልኝ በተርታ፤
ስስት፣ እንደ ቀለም ውድ፣ እየደጋገመ፣
ዶሮ እስኪጮህ ድረስ፣ እጄ እስኪታመመ።

ሲነጋ እሱን ዓባይ በረሃ አወረዱት።
ከፊደል የማውቀው ያችው መስመር ብቻ ናት።
እጄን ስታጠብ፣
ግራዬን ጨብጬ ነው።