በብርድ የሚፈላ ውሃ

ፍሪስላንድ ውስጥ፣ መሬቱ ከባሕር ዝቅ ባለበት፣
ላሞች ከጀልባ በታች ሣር በሚግጡበት፣
የፓምፕ ጣቢያ አለ፤ ቀይ ጡብ፣ ሦስት መስኮት።

በጥቅምት፣ እኩለ ሌሊት፣ ስልኬ ጮኸ።
«ትርንጎ፣ ነይ ስሚው» አለኝ ትዬርድ፣
«ሁለተኛው ፓምፕ ጠጠር ይቆረጥማል።»
«ወንፊቱስ?»
«ንጹህ ነው። ጠጠር ግን ይቆረጥማል።»

የካቻቢቴውን ጫፍ ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ገጥሜ
አዳመጥሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ጎንበስ ብዬ ቆሜ።
እውነቱን ነው።
መብራት አጥፍቶ ብቻውን ቆሎ እንደሚበላ ሰው ነው ድምፁ።
ጠጠር ግን የለም፤
የሚቆረጠመው ባዶ ነው።

ውሃ ለመፍላት እሳት አይሻም ሁልጊዜ፤
ግፊቱ ከላዩ ከተነሣ ይፈላል፣ በውርጭም ጊዜ።
ከቦዩ ወደ ላይ ሲሳብ፣ ሲሳብ፣ ሲሳሳ፣
ከምላጩ ጀርባ አረፋ ይሆናል፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ፣
ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ።
ወዲያው ግፊቱ ይመለሳል፤ አረፋው በራሱ ላይ ይናዳል፤
ሲናድ መርፌ ሆኖ ብረቱን ይወጋል፣
ደግሞ ይወጋል፣
እስኪነጋ ይወጋል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።
ሰውን ይሆናል። ብረትን ሲወስድ እያኘከ ነው።

ጠዋት ሃያ አራት ብሎን ፈታን።
የነሐሱ ምላጭ ነቀዝ የበላው ባቄላ መስሏል።
ትዬርድ ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አሳለፈ፣
ዓይነ ስውር ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ ቀስ ብሎ።
«ይህን ክርን» አለ፣ «ማን ነው የነደፈው?»
ከፓምፑ አፍ አጠገብ የታጠፈውን ቧንቧ ማለቱ ነው፤
ውሃው ሳይረጋጋ፣ እየተሽከረከረ፣
በአንድ ጎን እየተጋፋ የሚገባበትን።

ዊትስከ፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ መላ ፈለገች።
የጠነከረ ብረት ብናደርግስ? ይዘገያል እንጂ አይቀርም።
ፍጥነቱን ብንቀንስስ? የመንደሩ ምድር ቤቶች ይሞላሉ።
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ ወሬያችንም እንደዚያው።
እኔ ዝም እንዳልሁ ነበርሁ፣
በዚያ ብርድ ጀርባዬን አልቦኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዴልፍት፣ በሞቀ ቢሮ፣
ሰማንያ ሳንቲሜትር የጭቃ ቁፋሮ ለማትረፍ
ፓምፑን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ።
ቦታ ጠበበኝና ክርኑን ያሳጠርሁትም እኔ ነኝ።
ቁጥሩ ይበቃ ነበር፤ ለጥቂት፣ ግን ይበቃ ነበር።
ወረቀት ላይ ቦዩ አይጎድልም፣
የጥቅምት ነፋስ ውሃውን ወደ ወዲያኛው ዳር አይገፋም፣
ወንፊቱን የዛፍ ቅጠል አይደፍነውም።

«እኔ ነኝ የነደፍሁት» አልሁ።
ትዬርድ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አልተቆጣም።
ከተበላው ምላጭ ስብራት አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ
«ጠረጴዛሽ ላይ አድርጊው» አለኝ፤ ከዚያ ብሎኖቹን ይቆጥር ጀመር።

በጸደይ ቆፈርን፤ ሰማንያውን ሳንቲሜትር በሙሉ፣
ክርኑንም አራቅነው።
ጭቃው እኔ በወረቀት ከገመትሁት ይልቅ ጥቁር ነበር፣ ከባድም።

አሁን አንዳንድ ሌሊት ስልኬ ይጮኻል።
ትዬርድ አያወራም፤ ስልኩን ከፓምፑ ሆድ ያስጠጋዋል።
አዳምጣለሁ። ምንም አይቆረጥምም፤
ውሃው ብቻ፣ ሙሉ፣ ወፍራም፣ ወደ ላይ ይሄዳል።
«ሰማሽ?» ይላል።
«ሰማሁ» እላለሁ፣
እጄ ጠረጴዛው ላይ፣ የነሐሱን ቀዳዳዎች እየቆጠረ።