ቆጠራ በጭምባ

ጥር ስድስት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ።
ባጃጁ አስፋልቱ ያለቀበት አውርዶን ዞረ፣
«ከዚህ ወዲያ ጭቃ ነው» አለና ሒሳቡን ቆጠረ፤
መብራቱ ጉም ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ሦስት ነን። ይታይሽ የፋርማሲዋ፣
የተዋሰችው ቴሌስኮፕ እንደ ሕፃን ታዝሎ ከጀርባዋ፤
ስንሻው የጂኦግራፊ መምህሩ፣
ቦት ጫማው ከእግሩ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ፤
እኔ ደግሞ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣
በእረፍቴ ቀን እንኳ ከመቁጠር የማላመልጥ።

አንሙት ታንኳውን ከደንገሉ መሐል ጎትቶ አወጣ፤
ልጁን ትርንጎን ቤት የሚይዝለት ስላጣ
ከፊቱ አስቀምጧት መጣ።
እኔ ከእነሱ ጋር ገባሁ፤ ሁለቱ ከዳር ቆሙ።
ታንኳው ውሃ ይጠጣል፤ ሱሪዬም አብሮት ጠጣ።

አውራ ጣቴ ሥር መቁጠሪያ አለች፣
የብረት፤ ቀጭ ባለች ቁጥር አንድ የምትጨምር።
ማዶ ደሴቱ ላይ መነኩሴውም ይህን ጊዜ
በመቁጠሪያው ላይ ይሆናል፤
እሱ እግዚኦታውን አርባ አንድ ሞልቶ ሲያሳርግ
እኔ ገና ዳክዬ ላይ ነኝ፤
መቶ ሃያ ሁለት፣ መቶ ሃያ ሦስት፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ይብራ ለብቻ፣ ሳቢሳ ለብቻ፣
መንቆሩ፣ ጭራው፣ የእግሩ ቀለም እየታየ፣
ዘር በዘር እየተለየ።
(ስንሻው በኋላ እንዳለው፣ ሻዩን እያማሰለ፦
«ዘር ስንቆጥር አርፍደን ያልተጣላንበት ቀን
እኔ ከዛሬ ሌላ አላውቅም።»
ማንም አልሳቀም።)

ከሩቅ የመጡም አሉ፣ በረዶ የነዳቸው፤
አንሙት «የፈረንጅ ዳክዬ» ይላቸዋል፣
ፎርሙ ላይ ግን ሌላ ነው ስማቸው።
ፔሊካኑን «ባለ ስልቻ»፣
ያቺን ረጅሟን፣ ከአገጯ ሥር ሁለት ሥጋ ያንጠለጠለችውን፣
«ባለ ጉትቻ» ይላታል።
«ዘንድሮስ?» አልኩት።
መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ አቆመና
ወደ ደንገሉ አየ። ከዚያ መቅዘፉን ቀጠለ።

አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ
ጭልፊት ይሁን ንስር፣ አንድ ጥላ ከላያችን አለፈ፤
ረግረጉ በሙሉ ክንፍ ሆኖ ተነሣ፣
ውሃው እንደ አቡጀዴ ሲቀደድ ሰማሁት፤
ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ደግሞ ጠቆረ፣
የቆጠርኩትም ያልቆጠርኩትም አንድ ላይ በረረ።
ይታይሽ ከዳር ጮኸች፦ «ስንት ያዝክ?»
«ምንም!»
«ከአንድ ጀምራ!»
ጀመርኩ። አንድ።

ፀሐይዋ ስትከርር ጨረስን።
እምቦጩ ሐምራዊ አበባውን አንጥፎ ያምራል፤
ማማሩ ነው የሚያናድደው።
ዓምና ደንገል የነበረው ዘንድሮ የሽንኩርት መደብ ነው፣
ፓምፑ ቱግ ቱግ ይላል።
አልፈርድም፤ ሰው መብላት አለበት፣
አንሙትም እዚያ ሦስት መደብ አለው።

ፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን ባዶውን ቀረ፣
የባለ ጉትቻዋ፤
ዓምና ዘጠኝ፣ ካቻምና አሥራ አራት ነበረ።
«ባዶ አይተውም» አለች ይታይሽ፣
«ባዶ ከተውከው አልፈለግናትም ማለት ነው።
ፈልገናታል። ዜሮ ጻፍ።»

ባንክ ቤት ሲጎድል ከደሞዜ ይቆረጣል።
ይሄ ከማን ይቆረጥ?
እርሳሴን ቀርጬ፣ ቀስ ብዬ፣ ክብ አድርጌ ጻፍኩት።

ትርንጎ ገና ፊደል አልቆጠረችም።
በትከሻዬ በኩል ብቅ ብላ፣
ጭቃ በነካው ጣቷ ሳጥኑን ጠቁማ፣
«ይቺ እንቁላል የማን ናት?» አለችኝ።
«የባለ ጉትቻዋ።»
አየቻት፤ አየቻት።
«እንግዲያ ወረቀቱን እንዳታጥፈው።»

ያን ሁሉ ኮረኮንች፣ እስከ ባሕር ዳር፣
ሦስት ሆነን በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን፣
ቴሌስኮፑ ጎኔን እየወጋኝ፣
በሁለት መዳፌ ይዤው መጣሁ።