ማን አነሳ፣ ማን አነሰ

አሽዶድ ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ፣ ክሬን እንደ ቀጭኔ አንገቱን በሚያሰግግበት፣
አንድ አዳራሽ አለ፣ የበሩን ብረት የባሕር ጨው የበላበት።
ገመድ ሳቢ ነኝ እዚያ፤ መጋረጃ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤
ሕዝብ ከፊት የሚያየውን፣ እኔ ከጎን አያለሁ።

ከጎን ሲያዩት ክንፍ የለም።
ላብ አለ፤ ፕላስተር አለ፤ ከሐር ጫማው ውስጥ ደም፤
ከፈገግታው ኋላ፣ በጥርስ መሃል የታፈነ «ቶሎ በል!» አለ፤
የባሌሪናዋ ትንፋሽ አለ፣ እንደ ወናፍ የሚግል።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ስንት ጥንድ አለፈ በፊቴ!
ባልና ሚስት ነበሩ፣ ተቃቅፈው ሲራራቁ ያየኋቸው፤
ቁመታቸው የተካከለ ነበሩ፣ እንደ ሰዓት የማይስት እግራቸው፤
ስማቸው ጠፍቶኛል።
አንድ ጥንድ ብቻ፣ ገመድ በጨበጥኩ ቁጥር፣ መዳፌን ያሳክከኛል።

እሷ ፈንታነሽ፣ ከቂርያት ማላኪ በሁለት አውቶቡስ የምትመጣ፤
እሱ ግሌብ፣ የካርኪቭ ሴት ልጅ፣ ቀን ቀን ወደቡ ላይ ሳጥን የሚያወጣ፣
ቁመቱ ከእሷ በጣት የማይበልጥ።

ወዳጅ አልነበሩም፤ ይህን ብናገር ማንም አያምነኝም፤
አንድ ፈላፍል ለሁለት ተካፍለው አያውቁም።
ስለ ቆጠራ ይጣላሉ፤ አምስት ላይ ነው፣ የለም ስድስት ላይ፤
እሷ በዕብራይስጥ ስትዘልፈው፣ እሱ በሩሲያኛ ያጉረመርማል ግድግዳ እያየ።
አስተማሪዋ ሬጊና ወለሉን በዱላዋ መትታ፣
«ዝም! እጅ ይናገር!» ትላለች፣ ሁለቱንም ተቆጥታ።

እጅም ተናገረ።
ሳታይ ወደ ኋላ ትወድቃለች፤ እጁ ቀድሟት እዚያ ይጠብቃል።
«ይይዘኝ ይሆን?» የለም። «ይይዘኛል» የሚል እምነት እንኳ የለም፤
ሰው ደረጃ ሲወርድ፣ «ቀጣዩ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

አንድ ማታ፣ በሐኑካ ሰሞን፣ ዝናብ ጣራውን ሲቀጠቅጥ፣
ግሌብ ከሥራ መጣ፣ ግራ ትከሻው አብጦ፤
ለማንም አልተናገረም፣ ሕመሙን እንደ ክኒን ውጦ።
ገመዱን ሳብኩ።
ሦስተኛው ዳንስ ላይ፣ የማንሳቱ ሰዓት ሲደርስ፣
ወገቧን ያዘ፤ አየሁት፣ ፊቱ አመድ ሲለብስ።
ከጣቶቹ ሰማች፤ እንዴት እንደሰማች እሷም አታውቅም።
በእሱ ፈንታ፣ እንደ ስሟ፣
ከጉልበቷ፣ ከሆዷ፣ ከትንፋሿ አውጥታ፣
እጁን እንደ ጌጥ ብቻ ወገቧ ላይ ትታ፣
ወጣች።

አዳራሹ ለግሌብ ክንድ አጨበጨበ።
እኔ ግን በጨለማው ውስጥ፦ ማን አነሳ? ማን አነሰ?
ልዩነቱ አንዲት ፊደል፣ እሷም በቅርጿ የተመሳሰለች፤
ከዚያ ማታ ወዲህ እኔን መለየት እንዳቃተችኝ አለች።

ከመጋረጃው ኋላ «ደንቆሮ!» አለችው።
በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ትከሻው ላይ ያዘችለት፤
የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጣት።
ሌላ ቃል አልተለዋወጡም። በቃ፣ ይኸው ነው።

በዓመቱ ቴል አቪቭ ወሰዳት።
ትኬት ገዝቼ ሄድኩ፤ በዕድሜዬ መጀመሪያ ከፊት ተቀመጥኩ።
አዲሱ ሎጋ ነው፣ ክንዱ ብረት፣ እንከን ፈልጌ አጣሁበት።
ግን ወደ ኋላ ስትወድቅ፣ እጇ ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ሄደ፣
አጭር ሰው ይቆምበት ወደነበረ ባዶ ቦታ።
ከዚያ ታረመ። ሎጋው ያዛት። ማንም አላየም።

ግሌብ ዛሬ ክሬን ነጂ ነው።
ጠዋት ጠዋት ከአዳራሹ ደጃፍ ሆኜ አየዋለሁ፦
ሃያ ቶን ሳጥን አውርዶ፣ መርከቡን ሊነካ ሲል፣
ግማሽ ትንፋሽ ያህል ያቆመዋል።
ከዚያ ያስቀምጠዋል፣ ድምፅ ሳያሰማ።
የወደቡ ሰዎች «እጁ ቀላል ነው» ይላሉ።
እኔም አዎ እላለሁ።