ሩት ማናት?

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ከጣና ዳር፣ ከዓሣ ማኅበሩ ቢሮ፣
በሚዛኑ ዙሪያ ሳይጀመር ሮሮ፣
ትሁኔ ደውላ ቀሰቀሰችኝ፤
«ኮምፒውተሯ ቃሌን ትቀበልና ታስወጣኛለች» አለችኝ።

እውነቷን ነው።
ስም ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃል። ማያው ብልጭ አለ፣
ጨለመ፤ ያው በር መጣ፣ ያው እንዳለ።
ስህተት ነው ብትለኝ ቃሌን ባረምኩ ነበር፤
እሺ እያለች ነው የምትመልሰኝ ከበር።

ዲስኩ ሞልቶ ይሆን፣ እምቦጭ እንደዋጠው ዳር?
መስኮቱን ትቼ፣ ሦስት ቁልፍ ባንዴ ተጭኜ፣
ሥዕል በሌለው ጓዳ፣ በጥቁሩ ገበታ ሆኜ፣
ያንኑ ቃል ጻፍኩ። ገባሁ።
ዲስኩ አልሞላም፤ ባዶው ነው የሞላው።

ፋይሉን ከነባለቤቱ ዘረዘርኩ ከላይ እስከ ታች፤
ትሁኔ፣ ትሁኔ፣ ትሁኔ ትላለች፣
በነጥብ የሚጀምር አንድ ስውር ፋይል ላይ ግን
ሩት።

ትሁኔ በትከሻዬ አጮልቃ
«ሩት ማናት?» አለች።
«እዚህ ማኅበር ሩት የሚባል ሰው የለም፤
መዋጮም ከፍላ አታውቅም።»

ማክሰኞ ፕሪንተሯን ልጠግን መጥቼ፣
በሩት ስም፣ በሙሉ ሥልጣን ገብቼ፣
የሰው ቤት ቁልፍ በኪሴ ይዤ የወጣሁ
እኔ ነኝ።
«አላፊ ናት» አልኳት።

አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ቤቱ ለባለቤቱ።
የልጇ ፎቶ በዩኒፎርም ማያው ላይ ብቅ አለ።
ውጭ የመጀመሪያው ጀልባ ሞተሩን አጠፋ፤
«ቆሮሶ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ!» አለ አንዱ፤
እሷም መጻፍ ጀመረች።

ሂሳቤን ስትጠይቀኝ
የባጃጅ ብቻ ተቀበልኩ።